ብሎክና ቴስታታ፦ ለጉልበት የሚሠራ ፒክአፕ ሞተር አመራረጥ

ብሎክ ሞተሩን የሚሸከመው አካል ነው። ፒስተኖች የሚመላለሱባቸው ሲሊንደሮች፣ ክራንክ ሻፍት የሚሽከረከርባቸው መቀመጫዎች፣ ዘይትና ውሃ የሚዘዋወሩባቸው ቦዮች ሁሉ በእሱ ውስጥ ይገኛሉ። ቴስታታ ሲሊንደሮቹን ከላይ ይከድናል፤ ቫልቮቹንና አየር የሚገባባቸውንና የሚወጣባቸውን ቦዮች ይይዛል፤ ነዳጅ የሚቃጠልበትን ክፍል ጣሪያም ይሠራል። ሞተሩ ምን ያህል ግፊት እንደሚችል የሚወስነው ብሎኩ ነው፤ ምን ያህል አየር እንደሚተነፍስ ደግሞ ቴስታታው። አንድ ፒክአፕ ፋብሪካው ከሰጠው ጉልበት በላይ እንዲያወጣ ሲታሰብ ካምሻፍቱም፣ ቱርቦውም፣ ኮምፒውተሩም የሚመረጡት ከእነዚህ ሁለቱ በኋላ ነው። ብዙ ባለቤቶች ግን ቅደም ተከተሉን ይገለብጡታል። የሚያብረቀርቀውን ቱርቦ አስቀድመው ይገዙና ብሎኩ የማይችለውን ግፊት ያሸክሙታል።

አሜሪካ ውስጥ ለዚህ ሥራ በስፋት ከሚመረጡት ሞተሮች ግንባር ቀደሙ የጄኔራል ሞተርስ ባለ ስምንት ሲሊንደር ቤተሰብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ኤልኤስ1 የተባለው ባለ 5.7 ሊትር ሞተር ከአምስተኛው ትውልድ ኮርቬት ጋር ወጣ። በ1999 የሞዴል ዓመት ደግሞ የዚያው ቤተሰብ የጭነት መኪና ሞተሮች በሼቭሮሌ ሲልቨራዶና በጂኤምሲ ሲየራ ላይ መገጠም ጀመሩ። እነዚህ በሦስት መጠን፣ በ4.8፣ በ5.3 እና በ6.0 ሊትር ቀረቡ። የኮርቬቱ ሞተር ብሎኩም ቴስታታውም አሉሚኒየም ሲሆን፣ የፒክአፖቹ ብሎክ በአብዛኛው ከብረት የፈሰሰ ነበር፤ ቴስታታቸው ግን፣ ከመጀመሪያዎቹ የ6.0 ሞተሮች በስተቀር፣ አሉሚኒየም ነው። በሚሊዮን የሚቆጠሩ መኪኖች ስለተሸጡ ዛሬ ሞተሩ በየአሮጌ መኪና ግቢው ይገኛል፤ ዋጋውም አዲስ የውድድር ብሎክ ከሚጠይቀው ጋር አይወዳደርም።

የዚህ ቤተሰብ ትልቁ መስህብ፣ ትልቁ ወጥመድም፣ ክፍሎቹ እርስ በርስ መገጣጠማቸው ነው። ከአንዱ ሲሊንደር መሐል እስከ ቀጣዩ መሐል ያለው ርቀት በሁሉም 111.76 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ ርቀት በ1955 ከወጣው የመጀመሪያው የሼቭሮሌ ትንሹ ቪ8 ጀምሮ አልተለወጠም። የቴስታታ ቡሎኖቹ አቀማመጥም በቤተሰቡ ውስጥ የጋራ ስለሆነ የ6.0 ቴስታታ 4.8 ብሎክ ላይ ያለ ችግር ይቀመጣል። ቡሎኑ ገባ ማለት ግን ሞተሩ ይሠራል ማለት አይደለም፤ ልዩነቱ የሚታወቀው ሲሊንደሩና ቫልቩ በሚሊ ሜትር ሲለኩ ነው።

ምርጫው የሚጀመረው በአሮጌ መኪና ግቢ ነው። ኦሃዮ ወይም ቴክሳስ ውስጥ ባለ አንድ እንዲህ ያለ ግቢ የፊት መብራታቸው የወለቀ ፒክአፖች በብረት ድጋፍ ላይ ተደርድረው ይቆማሉ። ሥራውን የሚያውቅ ገዢ መፍቻውን ከማንሳቱ በፊት የፊት መስታወቱ ሥር ወዳለው የመኪናው መለያ ቁጥር ጎንበስ ይላል። ከ1999 ጀምሮ በወጡት፣ ሦስተኛው ትውልድ የሚባለው ሞተር ባላቸው ፒክአፖች ስምንተኛው ምልክት የሞተሩን ማንነት ይናገራል። ቪ ከሆነ 4.8፣ ቲ ከሆነ ኤልኤም7 የተባለው 5.3፣ ዩ ከሆነ ኤልኪው4 የተባለው 6.0፣ ኤን ከሆነ ደግሞ የእሱ ብርቱ ወንድም ኤልኪው9 ነው። ቢ የሚለው ፊደል የተገኘ እንደሆነ እጅ ላይ የወደቀው ኤል33 ነው፤ ይኸውም የአሉሚኒየም ብሎክ ያለው 5.3 ሲሆን፣ ቁጥሩ አነስተኛ ስለሆነ ብዙዎች ያድኑታል።

መለያ ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም፤ በሃያ ዓመት ውስጥ ሞተር ሊቀየር ይችላል። ስለዚህ ዓይን ወደ ብሎኩ ይሄዳል። መጠኑ በብረቱ ላይ ተፈልጎ ይነበባል፤ 4.8ና 5.3 ብሎክ ስለሚጋሩ ግን ጽሑፉ ሁለቱን አይለይም። እዚህ ላይ አንዱን ካንዴላ ፈትቶ ቀጭን የካሜራ ገመድ ማስገባት ይጠቅማል። በሦስተኛው ትውልድ የ4.8 ፒስተን አናቱ ጠፍጣፋ ነው፤ የኤልኤም7 ደግሞ መሐሉ ጎድጎድ ያለ ነው። ያው ካሜራ የሲሊንደሩን ግድግዳም ያሳያል፤ ዝገት ወይም ቁልቁል የወረደ ጭረት ከታየ ገዢው ወደሚቀጥለው መኪና ይሄዳል። የዘይት መሙያ ክዳን ሲከፈት ወተት የመሰለ አተላ ከታየ ውሃ ከዘይት ጋር ተቀላቅሏል ማለት ነው። የጭስ ማስወጫው ቡሎኖች በተለይ ከኋላ በኩል ተሰብረው መቅረታቸው በእነዚህ ፒክአፖች የተለመደ ነው። ይህ ሞተሩን አያስጥልም፤ የተሰበረውን ከአሉሚኒየሙ ውስጥ ማውጣት ግን ጊዜና ገንዘብ ይበላል፣ ዋጋ ሲነጋገሩም መነሣት አለበት።

ከዚያ የቴስታታው ቁጥር ይነበባል። ጫፉ አካባቢ ከፈሰሰው ረጅም ቁጥር ውስጥ መካኒኮች የሚጠሩት የመጨረሻዎቹን ሦስት አኃዞች ነው፦ 706፣ 862፣ 317፣ 243፣ 799፣ 823። የዚህ ጽሑፍ ግማሽ ያህሉ ጉዳይ በእነዚህ ስድስት ቁጥሮች ውስጥ ነው፤ ነገር ግን ትርጉም የሚኖራቸው ከሥራቸው ያለው ብሎክ ሲታወቅ ነው።

የዚህ ቤተሰብ ብሎክ ጠንካራ የሆነበት ምክንያት አለው። የብሎኩ ጎኖች ከክራንክ ሻፍቱ መሐል አልፈው ወደ ታች ስለሚወርዱ ክራንኩን እንደ ጉያ ያቅፉታል። እያንዳንዱ የክራንክ መቀመጫ ክዳን በስድስት ቡሎኖች ይያዛል፤ አራቱ ከታች ወደ ላይ፣ ሁለቱ ከጎን ወደ ውስጥ ይገባሉ። ክራንኩ በከባድ ጭነት ሲገፋ ክዳኑ ግራና ቀኝ እንዳይንቀሳቀስ የሚያደርጉት እነዚያ የጎን ቡሎኖች ናቸው። ለውድድር ሞተር የሚመች ጠንካራ አሠራር እዚህ ለገበሬና ለግንበኛ በተሸጠ ፒክአፕ ውስጥ ተገኘ። በርካሽ ሞተር ይህን ያህል ጉልበት የሚወጣበት ዋናው ምሥጢርም ይኸው ነው።

ብረት ወይስ አሉሚኒየም የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ያለ ምክንያት ይረዝማል። በሁለቱ መካከል ያለው የክብደት ልዩነት ወደ 40 ኪሎ ግራም ይደርሳል። ለስፖርት መኪና ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከሁለት ቶን በላይ ለሚመዝንና ተጎታች ለሚስብ ፒክአፕ ግን ከአፍንጫው ላይ 40 ኪሎ መቀነስ አሽከርካሪው በቀላሉ የሚያስተውለው ለውጥ አያመጣም። በአንጻሩ የብረት ግድግዳ ከፍ ያለ የቱርቦ ግፊት ሲደርስበት ቅርጹን ይጠብቃል፤ ሲያረጅም ተቦርቡሮ ይሰፋል። የብረቱ 6.0 ሲሊንደር ከ101.6 ወደ 102.36 ሚሊ ሜትር መስፋቱ የዕለት ተዕለት ሥራ ነው። የ5.3 ሲሊንደር ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ ከ96 እስከ 99 ሚሊ ሜትር ድረስ ሰፍቶ የኮርቬቱን 5.7 ሊትር ሊያክል ይችላል። የአሉሚኒየሙ ብሎክ ሲሊንደሮች ግን ውስጣቸው ቀጭን የብረት ሽፋን ነው፤ ከሩብ ሚሊ ሜትር በላይ ማስፋት አያዋጣም፤ ከዚያ ካለፈ ሽፋኑን አውጥቶ ሌላ ማስገባት ይጠይቃል። ለፒክአፕ፣ በተለይ ቱርቦ ለሚገባበት፣ የብረቱ ብሎክ ትክክለኛው ምርጫ ነው። አሉሚኒየሙ የሚያዋጣው መኪናው ቀላል ሆኖ ፍጥነት ብቻ ሲፈለግበት ወይም በአሸዋና በድንጋይ ላይ ሲዘል የፊት ክብደቱ ሲያሠቃየው ነው።

የትውልድ ጉዳይም አለ። ከ2005 ጀምሮ የመጣው አራተኛው ትውልድ ፒስተንን ከክራንክ ሻፍት ጋር የሚያያይዘውን ቢዬላ አጠንክሮ ስለመጣ ለከፍተኛ ጉልበት የተሻለ መነሻ ነው። ብዙዎቹ ግን ነዳጅ ለመቆጠብ ሲባል ጭነት ሲቀልል ከስምንቱ አራቱን፣ ማለትም አንደኛውን፣ አራተኛውን፣ ስድስተኛውንና ሰባተኛውን ሲሊንደር የሚያጠፋ ሥርዓት አላቸው። የዚያ ሥርዓት የቫልቭ ገፊዎች ሲያረጁ ተጣብቀው ይቀራሉ፤ ካምሻፍቱንም ይበሉታል። ለጉልበት የሚሠራ ሞተር ላይ ይህ ሥርዓት መቆየት የለበትም። ገፊዎቹ በተራ ይተካሉ፣ ካምሻፍቱ ይቀየራል፣ ኮምፒውተሩም ሥርዓቱን እንዲረሳ ይደረጋል። ገዢ ይህን ወጪ ከሞተሩ ዋጋ ጋር ካልደመረ ሒሳቡ ስህተት ነው። ሽቦና ኮምፒውተር ላይም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የሦስተኛው ትውልድ ክራንክ ሴንሰር የሚያነበው ባለ 24 ጥርስ ጎማ ሲሆን የአራተኛው ትውልድ በአብዛኛው ባለ 58 ጥርስ ነው፤ አንዱን በሌላው ኮምፒውተር ማስነሣት ያለ ማስተካከያ አይቻልም።

አሁን ወደ ስፋቱ እንመለስ፤ ምርጫውን ሁሉ የሚጎትተው እሱ ነው። 4.8ና 5.3 የሲሊንደር ስፋታቸው አንድ፣ 96 ሚሊ ሜትር ነው። የሚለያዩት ፒስተኑ በሚጓዘው ርቀት ነው፤ በ4.8 83 ሚሊ ሜትር፣ በ5.3 92 ሚሊ ሜትር። 6.0 ደግሞ የ5.3ን የ92 ሚሊ ሜትር ጉዞ ይዞ ስፋቱን ወደ 101.6 ያሳድጋል። ሰፊ ሲሊንደር ከመጠኑ መብለጥ ሌላ ሁለት ነገር ይሰጣል። ትልልቅ ቫልቭ ያስተናግዳል፤ የቫልቩ ጠርዝም ከሲሊንደሩ ግድግዳ ስለሚርቅ አየሩ ሳይታፈን ይገባል። ጠባቡ ሲሊንደር ላይ ትልቅ ቫልቭ ማስቀመጥ በር ሰፍቶ ኮሪደሩ እንደጠበበ ቤት ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚፈልግ ሰው ገንዘቡ ከፈቀደ 6.0ን መምረጥ ያለበት በዚህ ምክንያት ነው። ብሎኩን በ102.36 ሚሊ ሜትር አስፍቶ 101.6 ሚሊ ሜትር የሚጓዝ ክራንክ ያስገባ ደግሞ ወደ 6.7 ሊትር ይደርሳል፤ አሜሪካውያን በኪዩቢክ ኢንች 408 የሚሉት ሞተር ይኸው ነው። ከባድ ተጎታች ለሚስብ መኪና ከዚህ የተሻለ ቪ8 ከዚህ ቤተሰብ ማግኘት ይከብዳል።

ቴስታታ ሲመረጥ ሦስት ልኬቶች አብረው ይታያሉ፦ የአየር መግቢያ ቦዩ መጠን፣ የቫልቩ ስፋትና የቃጠሎው ክፍል ይዘት። 706ና 862 የ4.8ና የ5.3 መደበኛ ቴስታታዎች ናቸው። የመግቢያ ቦያቸው ወደ 200 ሲሲ፣ የመግቢያ ቫልቫቸው 48 ሚሊ ሜትር፣ የቃጠሎ ክፍላቸው ወደ 61 ሲሲ ነው። 317 የ6.0 ቴስታታ ሲሆን ቦዩ 210 ሲሲ፣ ቫልቩ 50.8 ሚሊ ሜትር፣ ክፍሉ 71 ሲሲ ነው። 243ና 799 እርስ በርስ የሚቀራረቡ ሆነው የ317ን ቦይና ቫልቭ ከጠበብ ያለ 64.5 ሲሲ ገደማ ክፍል ጋር ያጣምራሉ። 243 የመጣው ከኮርቬቱ ኤልኤስ6ና ኤልኤስ2 ነው፤ ኤል33ም የተሸለመው 799ን ነው። ከፋብሪካ ቴስታታዎች ውስጥ ለፒክአፕ ሁለገብ የሚባለው ይህ ጥንድ ነው፤ አየሩም በቂ ነው፣ እመቃውም አይወርድም፣ በ5.3 ላይም በ6.0 ላይም ይሠራል።

706ን የሚገዛ ሰው አንድ ነገር ይመልከት። ከ706 ቴስታታዎች ውስጥ ካስቴክ በተባለው ኩባንያ የተሠሩት ከቫልቭ ሽፋኑ ሥር የሚሰነጠቁ ሆነው ተገኝተዋል፤ ጄኔራል ሞተርስም ስለዚሁ ለጋራዦች የአገልግሎት ማስታወቂያ አውጥቷል። ምልክቱ መሬት ላይ ሳይፈስ ቀስ በቀስ የሚጠፋ የማቀዝቀዣ ውሃ ነው። የኩባንያው ምልክት በቴስታታው ላይ ፈስሶ ስለሚገኝ በዓይን ይለያል። ያንን ትቶ ሌላ መፈለግ ሁልጊዜ ይቀላል፤ 706 በየግቢው ሞልቷልና።

823 የሚለው ቁጥር ሌላ ዓለም ነው። በ2007 ከ6.2 ሊትሩ የካዲላክ ኤስካሌድ ሞተር፣ ከኤል92 ጋር የመጣ ሲሆን፣ የቀድሞዎቹ የቤተ ክርስቲያን መስኮት የመሰለ ሾጣጣ የመግቢያ ቦይ ቀርቶ ሰፊ አራት ማዕዘን ሆኗል። ቦዩ 260 ሲሲ፣ የመግቢያ ቫልቩ 55 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ ቫልቭ 96 ሚሊ ሜትር ሲሊንደር ላይ ሲከፈት ግድግዳውን ይመታል፤ ስለዚህ ለ5.3 አይሆንም። ቢያንስ 101.6 ሚሊ ሜትር ስፋት ይፈልጋል። የአየር ማከፋፈያውም የራሱ መሆን አለበት፤ የድሮው አይገጥምም። ፋብሪካው ራሱ ይህን ዓይነት ቴስታታ ኤልዋይ6 በተባለው የከባድ ፒክአፕ 6.0 የብረት ብሎክ ላይ አስቀምጦታል፤ የብረት ብሎክና የአራት ማዕዘን ቦይ ጥምረት ለሚፈልግ ሰው ተዘጋጅቶ የመጣ መነሻ ነው።

ትልቅ ቦይ ሁልጊዜ የተሻለ ነው የሚለው እምነት ግን ብዙ ፒክአፕ አበላሽቷል። አየር በጠባብ ቦይ ሲያልፍ ይፈጥናል፤ ፍጥነቱም ቫልቩ ሊዘጋ ሲል እንኳ ተጨማሪ አየር ወደ ሲሊንደሩ ይገፋል። ሞተሩ በደቂቃ 2,000 ጊዜ በሚሽከረከርበት፣ ተጎታች ዳገት በሚጀምርበት ሁኔታ ላይ ከሰፊው ቦይ ይልቅ ፈጣኑ ይበልጣል። ሰፊው የሚያሸንፈው ከ5,000 በላይ ሲዞር ነው። ባለቤቱ መኪናውን በእውነት የት እንደሚነዳው ለራሱ ካልተናዘዘ ውድ ቴስታታ ገዝቶ ከትራፊክ መብራት ሲነሣ ከበፊቱ የደከመ መኪና ይዞ ይቀራል። ለሚጎትት ፒክአፕ 799 ከ823 በልጦ የሚገኝባቸው ሁኔታዎች ብዙ ናቸው።

የቃጠሎ ክፍሉ ይዘት የእመቃ ምጣኔውን፣ ማለትም ፒስተኑ ታች ሲሆን ከላዩ ያለው ቦታ ጫፍ ሲደርስ ከሚቀረው ስንት እጥፍ እንደሆነ፣ ይወስናል፤ ይህንም ወረቀት ላይ በቀላሉ ማስላት ይቻላል። የ6.0 አንድ ሲሊንደር ፒስተኑ ሲጓዝ የሚጠርገው ቦታ 746 ሲሲ ያህል ነው። ኤልኪው4 ከፋብሪካ ሲወጣ ምጣኔው 9.4 ለ1 ስለሆነ ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ ከላዩ የሚቀረው ጠቅላላ ቦታ ወደ 89 ሲሲ ነው ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ 71 ሲሲው የ317 ክፍል ነው፤ ቀሪው የፒስተኑ ጎድጓዳና የጋስኬቱ ውፍረት ነው። 317 ወርዶ 799 ሲቀመጥ ምጣኔው ወደ 10 ይጠጋል፤ 706 ሲቀመጥ ደግሞ ወደ 10.4 ይደርሳል። ፒስተኑ ጠፍጣፋ በሆነው ኤልኪው9 ላይ ግን፣ ከመነሻው 10 ለ1 ስለሆነ፣ 706 ምጣኔውን ከ11 በላይ ያወጣዋል፤ ይህ በተራው 87 ኦክቴን ቤንዚን የሚሞከር አይደለም። በተቃራኒው የ317 ክፍል ኤልኤም7 5.3 ላይ ሲቀመጥ ከ9.5 ወደ 8.5 ያወርደዋል። በቱርቦ ዘመን መጀመሪያ ብዙዎች ይህን ይመርጡ ነበር። ዛሬ ኢታኖል የበዛበት ነዳጅና በትክክል የተቃኘ ኮምፒውተር ስላለ እመቃውን ያን ያህል መጣል ሳያስፈልግ ይሠራል፤ ቱርቦው ሳይነሣ በፊት የሚሰማው ድካምም ይቀራል።

ከፍታም ከዚሁ ሒሳብ ውስጥ ይገባል። ከባሕር ወለል 1,600 ሜትር ላይ ባለችው ዴንቨር አካባቢ 85 ኦክቴን ቤንዚን የሚሸጠው አየሩ ስስ ስለሆነ ሲሊንደር ውስጥ የሚደርሰው ግፊት ስለሚቀንስ ነው። አዲስ አበባ ከዚያም ከፍ ብላ ከ2,300 ሜትር በላይ ትገኛለች። እዚህ ቱርቦ የሌለው ሞተር ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚያገኘው አየር አምስት እጅ አንዱን ያህል ያጣል፤ ከፍ ያለ እመቃ ወይም ቱርቦ ለከፍታ ነዋሪ ከቅንጦት የሚያልፍ ጥቅም ያለው ለዚህ ነው።

ብሎክና ቴስታታው ከተመረጡ በኋላ ሥራው ወደ ማሽን ሾፕ ይሄዳል፤ ከሁሉም ወጪ የሚያዋጣው እዚህ የሚከፈለው ነው። ብሎኩ ራቁቱን ሆኖ በሙቅ የኬሚካል ውሃ ይታጠባል። ቀጥሎ ማግኔትና የብረት ብናኝ ወስደው ስንጥቅ ይፈልጉበታል፤ ብናኙ ዓይን በማያየው ስንጥቅ ላይ ተሰብስቦ መስመር ይሠራል። ቴስታታው አሉሚኒየም ስለሆነ ማግኔት አይይዘውም፤ እሱን በአየር ግፊት ሞልተው ውሃ ውስጥ ይነክሩትና አረፋ የሚወጣበትን ይጠብቃሉ። ሲሊንደር ብዙ የሚሰፋ ከሆነ የድምፅ ሞገድ በሚልክ መሣሪያ ግድግዳው በየአቅጣጫው ይለካል። ብሎኩ ሲፈስ የውስጥ ቅርጹ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ሊሆን ስለሚችል አንዱ ጎን ከሌላው የሳሳ ይገኛል። 5.3ን እስከ 99 ሚሊ ሜትር ማስፋት የሚቻለው ይህ ልኬት ሲፈቅድ ብቻ ነው።

ሲሊንደሩ ሲወለወል የሚደረግ አንድ ጥንቃቄ ጥሩ ሾፕን ከመጥፎ ይለያል። ቴስታታው ሲታሰር ቡሎኖቹ ብረቱን ስለሚጎትቱ ክብ የነበረው ሲሊንደር በጥቂቱ ይጣመማል። ስለዚህ ጥሩ ባለሙያ ወፍራም የብረት ሳህን በቴስታታው ቦታ በትክክለኛው ጥብቀት አስሮ በዚያው ሁኔታ ይወለውላል፤ ሞተሩ ሲገጠም ሲሊንደሩ ክብ የሚሆነው እንዲህ ሲደረግ ነው። የብሎኩ አናትና የቴስታታው ሆድም ጠፍጣፋነታቸው ይለካል። እነዚህ ሞተሮች በአብዛኛው የሚጠቀሙት ከብዙ የብረት ቅጠሎች የተሠራ ጋስኬት ነው። አሉሚኒየሙ ሲሞቅ ከብረቱ በላይ ስለሚስፋፋ ሁለቱ ገጽታዎች ጋስኬቱ ላይ ይንሸራተታሉ፤ የብረት ቅጠሉ ይህን የሚችለው ገጽታው እጅግ ለስላሳ ሲሆን ነው። በእጅ በሚሽከረከር የአሸዋ ወረቀት የተጠረገ ቴስታታ፣ ንጹሕ ቢመስልም፣ ጉድጓድ ስለሚኖረው ውሃ ያስተላልፋል። ቴስታታው ሲላጭ ክፍሉም ያንሳል፤ ወደ 0.16 ሚሊ ሜትር መላጨት አንድ ሲሲ ያህል ይወስዳል። ብዙ ከተላጨ የቫልቭ መግፊያ ዘንጎቹ ርዝመት እንደገና መለካት አለበት፤ ፒስተኑና ቫልቩም ይቀራረባሉ።

ትንሽ ሆኖ ትልቅ ጥፋት የሚያመጣው ነገር ደግሞ የፒስተን ፋሻው ክፍተት ነው። ፋሻው ሲሞቅ ይረዝማል፤ ሁለቱ ጫፎቹ ከተጋጠሙ መሄጃ ስለሚያጣ ፒስተኑን ከአናቱ ይሰብረዋል። የፋብሪካው ክፍተት ለተራ ሙቀት የታሰበ ነው። ቱርቦ ለሚገባበት 96 ሚሊ ሜትር ሲሊንደር ወደ 0.6 ሚሊ ሜትር እንዲሰፋ ይደረጋል። ሆት ሮድ መጽሔት ባሳተመው አንድ ታዋቂ ሙከራ፣ ከአሮጌ መኪና ግቢ የመጣ 4.8 ክራንኩ፣ ቢዬላውና ፒስተኑ ሳይነካ፣ ፋሻዎቹ ተሞርደው ክፍተታቸው ከሰፋ በኋላ በሁለት ቱርቦ ከ1,200 የፈረስ ጉልበት በላይ ሰጥቷል። ይህ በሙከራ ማሽን ላይ ለአጭር ጊዜ የተገኘ ውጤት ነው እንጂ በየቀኑ የሚነዳ መኪና ይህን ይሸከማል ማለት አይደለም። የሚያረጋግጠው ግን ትልቅ ነገር ነው፦ ትንሹ የብረት ብሎክ ሲሰበር ብዙ ጊዜ የሚሰበረው በድካሙ ሳይሆን በልኬት ጉድለት ነው።

የቫልቭ ስፕሪንግም ከቴስታታው ጋር አብሮ ይታሰባል። ያረጀ የፋብሪካ ስፕሪንግ ከፍ ያለ ካምሻፍት ሲገባበት ቫልቩን በጊዜው ስለማይመልሰው በከፍተኛ ዙር ፒስተኑ ይመታዋል። አዲስ ስፕሪንግ ከሌለ አዲስ ካምሻፍት አይገባም፤ ይህ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

ሁሉም ተለክቶ ሲመለስ ቴስታታው ብሎኩ ላይ ይቀመጣል። የፋብሪካው ዋና ቡሎኖች ሲጠብቁ በመለጠጥ የሚይዙ ስለሆኑ አንዴ ከተፈቱ በኋላ አይደገሙም። እስከ 2003 ድረስ በተሠሩት ሞተሮች ቡሎኖቹ ሁለት የተለያየ ርዝመት ያላቸው ሲሆኑ፣ ከ2004 ጀምሮ ግን ሁሉም አንድ ልክ ናቸው። ከፍተኛ የቱርቦ ግፊት የታሰበ ከሆነ በቡሎን ፋንታ ከጠንካራ ብረት የተሠራ ዘንግና ዳዶ ይገባል። የአዲሱ ዓይነት ቡሎን ከመሐል ወደ ዳር በቅደም ተከተል በመጀመሪያ በ30 ኒውተን ሜትር፣ ከዚያ በ90 ዲግሪ፣ በመጨረሻ በ70 ዲግሪ ይጠብቃል። ከዚህ በፊት ግን የቡሎኖቹ ጉድጓዶች በአየር ተነፍተው መድረቅ አለባቸው። ጉድጓዶቹ ከታች የተዘጉ ናቸው፤ ውስጣቸው ውሃ ወይም ዘይት ከቀረ ቡሎኑ ሲወርድ ፈሳሹ መውጫ ስለሚያጣ ብሎኩን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል።